በገናው ቁሉቢ መንገድ ላይ ሲጠፋ

ታኅሣሥ 16፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ

ወደ ቁሉቢ ገብርኤል የምንወርደው ከአክስቴ ጋር ነው። እሷ የጥላ ስለት አለባት። እኔ በገናውን ይዣለሁ።

በገናው የየኔታ ነው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በጤናቸው ጊዜ ለታኅሣሥ ገብርኤል ይዘውት ይወርዱ ነበር። ከግቢው ጥግ ይይዙና እስኪነጋ ይደረድራሉ። ጉልበታቸው ሲደክም ጠርተው ሰጡኝ። «ቁሉቢን እንዳታስረሺው» አሉኝ። ካረፉ በኋላ ቃላቸውን ሳልፈጽም ቆይቼ ዘንድሮ ተሳካልኝ።

በገናን ለመንገድ ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሥሩም አውታሮች ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው። ብርድም ሙቀትም፣ እርጥበትም ድርቀትም ቶሎ ይሰማቸዋል። ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ መልሶ ደጋ ለሚወጣ መንገድ ላላ ማድረግ ያስፈልጋል። ግን ከልክ በላይ ካላሉ እንዚራዎቹ ይወድቃሉ። እንዚራ በአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ መካከል የምትገባ ትንሽዬ የቆዳ ቁራጭ ናት። በገና ያንን የሚነዝረውን፣ ደረት ውስጥ የሚገባውን ድምፅ የሚያገኘው በእሷ ነው። ስለዚህ መቃኛዎቹን በጥቂቱ ብቻ መለስ አደረግኳቸው። በርኩማውን በጨርቅ ደገፍኩ። ከዚያ በብርድ ልብስ፣ በላዩ ደግሞ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩት።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ረዳቱ ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄማ ውስጥ አይገባም እህቴ። ላይ ነው የሚሄደው።»

«እግሬ መሀል እይዘዋለሁ።»

«ሰው መቆሚያ አጥቷል እያየሽ! አታስቢ፣ ራሴ ነኝ የማስረው።»

አክስቴ ለመነችው። «ማዘር፣ ምንም አይሆንም» አላት። ጣሪያው ላይ አብሮን የሚጓዝ የወጣቶች ማኅበር ዕቃ ተጭኗል። ድስት፣ ፍራሽ፣ ድንኳን፣ የድንኳን እንጨት። በገናው ከእንጨቶቹ ጎን ተኛ። ሸራ ለበሰ፣ ገመድ ዞረበት።

ፈጣን መንገዱን፣ አዳማን፣ መተሐራን በመዝሙር አለፍን። ወጣቶቹ ከበሮ ይዘዋል፤ ለአፍታም ዝም አላሉም። በሰቃ ሐይቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተኝቷል። ፈንታሌ ተራራ ከወዲያ ይታያል። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ሲበረታብኝ የማስበው ስለ ቆዳው ነበር። የበገናው ገበታ የተለበጠው በበሬ ቆዳ ነው፤ ፀሐይ ያኮማትረዋል። ሸራው ይሸፍነዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ጀመረና አየሩ ቀዝቀዝ አለ። ጭሮ አደርን፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ። ከመተኛቴ በፊት ወጥቼ ወደ ጣሪያው አየሁ። ጋቢው ከሸራው ሥር ጫፉ ይታያል።

ታኅሣሥ 17፣ ከጭሮ እስከ ቁሉቢ

ሂርናን አልፈን ብዙም ሳንሄድ አውቶቡሱ ዳገት ላይ ቆመ። ካምቢዮው ነው አሉ። ሰዓታት አለፉ። መንገዱ በእግረኛ ተሞልቷል። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ ድንጋይ ተሸክመው የሚሄዱ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

ሲመሽ ሁለት መኪና ተገኘ። ለሰው ሚኒባስ፣ ለዕቃው አይሱዙ። የጭነት መኪናው ቁሉቢ ላይ የበዓለተኛውን ዕቃ ጥሎ ወደ ድሬዳዋ ይቀጥላል ተባለ። የዕቃ ሽግግሩ በስልክ መብራት ነው የተካሄደው። በገናው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሲወርድ አይቻለሁ። ወደ አይሱዙው ሲገባም አይቻለሁ። አብሬው ልሳፈር አልኩ፤ ሹፌሩ ከዕቃ ጋር ሰው አልጭንም አለ።

ቁሉቢ ስንደርስ ሌሊት ነው። አይሱዙው ቀድሞን አራግፎ ሄዷል። ዕቃው መንገድ ዳር ተከምሯል። የአክስቴ ጥላ አለ። የስንቅ ሻንጣችን አለ። ጄሪካኑ አለ። ክምሩን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ። ጋቢውም፣ ብርድ ልብሱም፣ በገናውም የሉም።

ረዳቱ ጋ ደወልኩ።

«መኪናው ላይ ቀርቶ ይሆናላ። ድሬ ነው የሚያድረው። ነገ ጠይቂ።»

«ማንን ነው የምጠይቀው?»

የሹፌሩን ስልክ ሰጠኝ። ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ተራራው በሙሉ እሳትና ሻማ ሆኗል። ድንኳን በድንኳን ላይ ነው። ከየአቅጣጫው መዝሙር ይሰማል። አክስቴ በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችኝ። ምንም አልተናገረችም። እኔ ግን የኔታን ነበር የማስበው። በደርግ ዘመን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር ዓለሙ አጋ ያስተምሩት የነበረው በገና ተቋርጦ ነበር። ያኔ የኔታ ቤታቸው ውስጥ፣ በራቸውን ዘግተው፣ በዚሁ በገና ነው ሰው ያስተማሩት። ያንን ሁሉ ዘመን ያለፈ ዕቃ በአንድ ምሽት፣ በስልክ መብራት፣ ከእኔ እጅ መውጣቱን መቀበል አቃተኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ድሬዳዋና መልስ

ሳይነጋ ተነሣሁ። አክስቴ ከአንዲት እናት ጋር ቀረች። ባገኘሁት መኪና በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ድሬ ወረድኩ። እኔ ስወርድ አገሩ ሁሉ ሽቅብ ይመጣል። ብርዱ ቀርቶ በጠዋቱ ሙቀት ተተካ። የማስበው ደግሞ ያው ነው፤ ቆዳውና አንጀቱ።

ሹፌሩ ስልኩን ያነሣው መናኸሪያ ስደርስ ነው። መኪናውን ያቆመው ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ስደርስ የጭነቱ ሳጥን ተጠርጓል። አንድ ገመድና ጥቂት ገለባ ብቻ ነው የቀረው።

«የተረፈ ዕቃ የለም። ሁሉንም አውርጃለሁ» አለኝ።

ግቢው ውስጥ ጫኝና አውራጆች ተቀምጠዋል። ከተማው ራሱ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ፣ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረ ነው። ዕቃ የዚህ አገር ሰው ሙያ ነው፤ አንድ ጥቅል ከእጃቸው ካለፈ ቅርጹን አይረሱም። ከመሀላቸው አንዱ ማታ ከአይሱዙው ጋር የመጣ ነበር። እንባዬን አይቶ ተነሣ።

«አቦ አታልቅሺ! ምን ዓይነት ነገር ነው እሱ?»

በእጄ አሳየሁት። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ከታች ሰፊ ነው፣ እንደ ሳጥን። ወደ ላይ ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ ቀንበር። በጋቢ የተጠቀለለ።

ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አሰበ። «ከታች ይከብዳል? ከላይ ክፍት ነው፣ እጅሽን ብትሰጂ ያልፋል?»

«አዎ!»

«እሱን እኔ ነኝ ያወረድኩት። ቁሉቢ ላይ። ድንኳን ያላቸው ልጆች እንጨታቸውን ሲቀበሉኝ አብሬ አቀበልኳቸው። የእነሱ መስሎኝ ነው።»

እግሬ ከዳኝ። በገናው ትናንት ማታ እኔ ከቆምኩበት ብዙም ሳይርቅ ነበር ማለት ነው።

የግቢው ሰዎች ሻይ ሰጡኝ። አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «ባይገኝ እንኳ በገና የሚሠራ ሰው አይጠፋም ልጄ፤ አዲስ ታሠሪያለሽ» አሉ። አመሰገንኳቸው። ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ለማያውቀው ሰው ነገሩ ልክ ነው። ግን አዲስ በገና ሌላ በገና ነው። እንጨቱ ዓመታት አልደረቀም። ቆዳው የደርዳሪውን እጅ አልለመደም። ከአሥሩ አውታሮች አብዛኞቻችን የምንመታው ከፊሉን ነው፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው። በየኔታ በገና ላይ የትኛው አውታር ምን ያህል መወጠር እንደሚወድ፣ የትኛው ጠዋት ጠዋት እንደሚያስቸግር፣ ጣቴ ሳላስበው ያውቀዋል። ይህን ገዝቶ ማግኘት አይቻልም። ሁለቱ ምሰሶዎች ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል፣ አሥሩ አውታሮች አሥሩ ትእዛዛት እያሉ ነው የኔታ በእሱ ላይ ያስተማሩኝ። በምሰሶዎቹ ላይ የጣታቸው ወዝ አለ።

ያ አውራጅ መኪና አገናኘኝ። ገንዘብ ልስጥህ ብለው አልቀበልም አለ። «ስታገኚው ደውይልኝ» ብሎ ቁጥሩን ሰጠኝ።

ሽቅቡ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። መኪናው በሰው ብዛት እየቆመ ነው የሚሄደው። በመጨረሻ መንገዱ ለመኪና ተዘጋና ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። አንዲት ልጅ ሻማ ሰጠችኝ። ማታ አክስቴን ሳገኛት ጥላውን አቅፋ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጣለች። «እሱ ሳይገኝ እኔም ስለቴን አላስገባም» አለች። ተከራከርኳት፤ አልሰማችም።

ታኅሣሥ 19፣ ቁሉቢ

ሌሊቱን ከድንኳን ድንኳን ዞርኩ። «ከአዲስ አበባ የመጣችሁ? መንገድ ላይ መኪና የተበላሸባችሁ?» ስንቱን ጠየቅኩ። ሰው አይሰለችም፤ ቁጭ በይ፣ ቅመሺ ይላል። ግን ያንን ማኅበር የሚያውቅ የለም። ስማቸውንም አልጠየቅኳቸው ነበር፤ የማስታውሰው ከበሮአቸውን ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ከበሮ የሌለው የለም።

ሲነጋ ወደ ማስታወቂያው ቦታ ሄድኩ። በድምፅ ማጉያው የጠፉ ልጆች፣ የወደቁ ቦርሳዎች፣ የተገኙ መታወቂያዎች ይነገራሉ። ወረፋ ይዤ አስነገርኩ። «በጋቢ የተጠቀለለ በገና ከድንኳን እንጨት ጋር ተቀላቅሎ የወሰዳችሁ...» የሚለው ተራራው ላይ ሲያስተጋባ ሰማሁት። ከዚያ ጥበቃ ነው።

ራስ መኮንን ይህን ደብር ያሠሩት ከዐድዋ ድል በኋላ፣ ስለታቸው ስለሠመረ ነው ይባላል። ዛሬም የሚመጣው ሰው ሁሉ ስለት ይዞ ነው። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ምድሩን አንቀጠቀጠው። ሰባኪው የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ አነሣ። ናቡከደነፆር ለጣዖቱ ያሰገደው በመለከትና በእንቢልታ፣ በመሰንቆና በክራር፣ በበገናና በዋሽንት ድምፅ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን «በገና» ሲል ልቤ ዘለለ። ከእሳቱ የወጡትን ሦስቱን ልጆች እያሰብኩ ስለ አንድ እንጨትና ቆዳ መጸለይ ተገቢ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጸለይኩ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ አንድ ወጣት በሰው መሀል እየተጋፋ መጣ። ገና ሳየው አወቅኩት፤ አውቶቡሱ ላይ ከበሮ ሲመታ የነበረው ነው።

«በገናው የአንቺ ነው?» አለኝ። በመዝሙር የደከመ ድምፁ አይወጣም። «ድንኳን ስንተክል እንጨት ተረፈን። ፈተን ስናየው በገና ሆኖ አገኘነው። ሰው ለስለት ያመጣው መሰለንና ስለት ወደሚገባበት ወሰድነው። ማስታወቂያውን አሁን ነው የሰማነው።»

እየሮጥን ሄድን። ስለት መቀበያው ጋ ጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ሻማ ተከምሯል። በገናው ግን ክምሩ ውስጥ አልነበረም። አንድ አባት ለብቻው፣ ግድግዳ አስደግፈው፣ ጋቢውን መልሰው አልብሰው አስቀምጠውታል። እጄን ስዘረጋ በእርጋታ ከለከሉኝ።

«ቆይ ልጄ። ባለቤት ነኝ የሚል ሁሉ ባለቤት አይደለም። ምልክቱን ንገሪኝ።»

ልክ ናቸው። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው።

«የቀኝ ምሰሶው ተሰብሮ በጠፍር የታሰረ ነው» አልኩ። «ከመቃኛዎቹ አንዱ ቀለሙ ይለያል፤ መምህሬ ከወይራ የጠረቡት ነው። ቆዳው ላይ ከታች በኩል ጠባሳ አለ። በሬው በሕይወት ሳለ የተወጋበት ነው ይሉኝ ነበር። ከቀንበሩ ሥር፣ በብረት የተተኮሰች ትንሽ መስቀል አለች። ካልገለበጡት አትታይም።»

ጋቢውን ገለጡ። ጠፍሩን በጣታቸው ዳሰሱ። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ነኩ። ጠባሳውን አዩ። ከዚያ በቀስታ አዘንብለው ከቀንበሩ ሥር ተመለከቱ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ውሰጂ» አሉኝ። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጥላዋን ያን ጊዜ ነው ያስገባችው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የድንኳኑ ልጆች «እስኪ ደርድሪልን» አሉ። ተቀምጬ አውታሮቹን ወጠርኩ፣ በትዝታ ቃኘሁ፣ ነካሁት። ድምፁ ጠፍቷል። አውታሩ ይጮኻል፤ ንዝረቱ ግን የለም። ጎንበስ ብዬ በርኩማውን አየሁ። ባዶ ነው። ከአሥሩ እንዚራዎች አንዲትም አልቀረችም። ከመኪና ወደ መኪና፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር መቃኛዎቹ ተንሸራተው፣ አውታሮቹ ላልተው፣ ቆዳዎቹ የትም ረግፈዋል። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁም፤ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። እኔ ግን የያዝኩት የየኔታን በገና አካል ብቻ ነው።

ያ አባት አልተሸነገሉም። ጠጋ ብለው አዳመጡ። «እንዚራው የለም አይደል?» አሉ። ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ያረጀ የዳዊት ማኅደር ይዘው ተመለሱ። መጽሐፉ አርጅቶ ሌላ ማኅደር ተሠርቶለታል፤ አሮጌው ቀርቷል። «ቆዳው ለስልሷል። ከዚህ ቁረጪ።»

ከዚያ ሥራው ጀመረ። አክስቴ ምላጭ አመጣች። ከማኅደሩ ማንገቻ ቀጫጭን ቁራጮች አወጣሁ። አውታሩን ብድግ አድርጎ ቆዳውን ከሥሩ ማስገባት። መምታት። መስማት። ቆዳው ጥቂት ወደፊት ከሄደ አውታሩ ይታፈናል። ወደኋላ ከቀረ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለክራር ያምራል፣ ለበገና አይሆንም። ከሁለቱ መካከል አንዲት ጠባብ ቦታ አለች። እሷ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ከተመታ በኋላም ቶሎ አይቆምም። ያቺን ቦታ በዓይን ማግኘት አይቻልም፤ በጆሮና በጣት ነው። አንዱን አግኝቼ ወደ ሁለተኛው ስሻገር ውጥረቱ ይለወጥና የመጀመሪያው ይጠፋል። መልሶ መጀመር ነው። ብርዱ ደግሞ አውታሮቹን እያሳሳባቸው ቅኝቱ አልረጋ አለ።

የኔታ ይህን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አይቸኩሉም ነበር። አንዱ እንቢ ሲላቸው ትተውት ሌላ ያወራሉ፤ ከዚያ ይመለሱበታል። እኔም እንደዚያ አደረግኩ። አባም አልሄዱም። ጥግ ላይ ተቀምጠው «ሦስተኛው ገና ነው»፣ «አሁን መጣ» ይሉኛል። ጆሯቸው ከእኔ ይበልጣል። በወጣትነታቸው ይደረድሩ እንደነበር የነገሩኝ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ነው።

የመጨረሻው አውታር ንዝረቱን ሲያገኝ አብዛኛው ሰው ተኝቷል። የኔታ እዚህ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያነሡትን መዝሙር አነሣሁ። ድምፁ የድሮው አልሆነም። ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ ነው፤ አዲሱ ቆዳ ገና አልተላመደም። አክስቴ ግን ከነጠላዋ ሥር ሆና «የኔታ መጡ» አለች።

ታኅሣሥ 20፣ ወደ አዲስ አበባ

ጠዋት ለዚያ ለድሬው አውራጅ ደወልኩለት። «አላልኩሽም!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ ላሉት ሲነግር፣ እነሱም ሲያጨበጭቡ በስልኩ ሰማሁ።

በሌላ አውቶቡስ ነው የተመለስነው። አክስቴ ከስለቷ የተረፈውን ገንዘብ አውጥታ ለበገናው ወንበር ገዛችለት። ረዳቱ ትኬቱን በማን ስም ልጻፍ ሲላት የየኔታን ስም ነገረችው። እሱም ሳይጠይቅ ጻፈ። በገናው መሀላችን ተቀመጠ። እንዚራዎቹን በስፌት ክር በርኩማው ላይ ስላሰርኳቸው አውታሩ ቢላላም አይወድቁም። አዋሽ ላይ ስንወርድ ግን ጋቢውን ገልጬ እንደገና ቆጠርኳቸው።

አዳማ አካባቢ ስልኬ ጠራ። ባለ ከበሮው ወጣት ነው። ድንኳኑን ሲነቅሉ ሣሩ ውስጥ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች አግኝተዋል። ቆሻሻ መስሏቸው ሊጥሉት ሲሉ ማታ እኔ ስቆርጥ ያየ አንድ ልጅ አስቆማቸው።

«ስንት ናቸው?» አልኩት።

«ስድስት። በወረቀት ጠቅልዬአቸዋለሁ።»

የተቀሩት አራቱ ሂርና ዳገት ላይ ወይም አይሱዙው ውስጥ ቀርተዋል። ማኅበሩ አዲስ አበባ ሲገባ ሄጄ እቀበለዋለሁ። ስድስቱን ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ። በአራቱ ቦታ የማኅደሩ ቆዳ ይቀጥላል።